ከዳቦና ወተት ወደ ሥጋ፦ የፌረት ግልገሎች አመጋገብ ታሪክ

ፌረት ፖልካት ከተባለው የአውሮፓ አውሬ ተላምዳ የተገኘች፣ እንደ ሽለምጥማጥ ቀጭንና ረጅም የሆነች ሥጋ በል ናት። የተላመደችው ለጥንቸል አደን ነው። ከ2,000 ዓመት በፊት የኖረው ግሪካዊው ስትራቦ፣ በእስፔን ፌረት ሳትሆን የማትቀር እንስሳ አፏ ታስሮ ወደ ጥንቸል ጉድጓድ እንደምትለቀቅ ጽፏል። የአፍ ማሰሪያው ምክንያት አለው፤ ጉድጓድ ውስጥ ገድላ የጠገበች ፌረት እዚያው ትተኛለች፣ ባለቤቷም አካፋ ይዞ ሲቆፍር ይመሽበታል።

በእንግሊዝ አዳኞች ዘንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተለምዶ የነበረው ምግብ በወተት የራሰ ዳቦ ነው። ሥጋ የለመደች ፌረት ተናካሽ ትሆናለች የሚል እምነት ነበር፤ ዳቦና ወተት ደግሞ ርካሽ ነው፣ ከገጠር ቤትም አይጠፋም። እንስሳዋ ሥጋ በል መሆኗን ከማንም በላይ የሚያውቁት አዳኞቹ ሆነው ሳለ፣ ልማዱ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መዝለቁ ያስገርማል።

ጉዳቱ የከፋው በግልገሎቹ ላይ ነበር። እናቲቱ 42 ቀን ያህል አርግዛ፣ በአብዛኛው በጸደይ መጨረሻ፣ 10 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ልጆች ትወልዳለች። ዓይናቸው የሚከፈተው በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ቢሆንም፣ በሦስተኛው ሳምንት አፍንጫቸውን ተከትለው ወደ ምግብ መዳህ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ሙቀቱ በርትቷል። በእንጨት ሳጥኑ ጥግ የተቀመጠው የራሰ ዳቦ በሰዓታት ውስጥ ይኮመጥጣል፣ ዝንብ ይወርረዋል፤ ግልገሎቹን ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ትኩስ ቢሆንም አይበጃቸውም። የፌረት አንጀት አጭር በመሆኑ፣ የበላችው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ያልፋል፤ እህል በቅጡ ለመፍጨት ፋታ የለም።

በ1933 ለንደን ውስጥ ፌረት በሰው ኢንፍሉዌንዛ እንደምትያዝ ከተረጋገጠ ወዲህ ቤተ ሙከራዎችም በብዛት ያረቧት ጀመር። ለጠጉሩ ስለሚረባው ዘመዷ ስለ ሚንክ የተገኘው እውቀትም ለእሷ ተረፈ። ዳቦን በሥጋ መተካት ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ የታየውም ያኔ ነው፦ አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ ሲበሉ ካልሲየም አጥሮ የግልገሎች እግር ይጎብጣል፤ አንዳንድ ጥሬ ዓሣ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል። ሙሉ ጥንቸል ከነአጥንቱና ከነጉበቱ ይህን ሁሉ ያሟላል።

በአሜሪካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፌረት የቤት እንስሳ ሆና ስትስፋፋ፣ ባለቤቶቿ በመጀመሪያ የድመት ግልገል ደረቅ ምግብ ሰጧት፤ ለእሷ የተዘጋጀው ቆይቶ መጣ። ለዘለቄታው ወሳኙ ግን ጊዜው ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ራይሙንድ አፕፌልባኽ እንዳሳየው፣ ከ60ኛው እስከ 90ኛው ቀን የተለመደው የምግብ ጠረን ካደጉ በኋላ የሚፈልጉትን ይወስናል። በዚህም ምክንያት ጠንቃቃ አርቢዎች በሦስተኛው ወር ዶሮ፣ ጥንቸልና ደረቅ ምግብ እያፈራረቁ ያቀምሷቸዋል፤ አንዱን ብቻ የለመደች ፌረት ሌላው ቢቀርብላት ተርባም አትነካውም።