የኬንያ ሐኪሞች ደመወዝ፦ ኃላፊነቱ የማን ነው?

በኬንያ የመንግሥት ሐኪም ቀጣሪው ማን እንደሆነ የሚወስነው የሚሠራበት ሆስፒታል ነው። እአአ በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አብዛኛውን የጤና አገልግሎት ለ47 ካውንቲዎች የሰጠ ሲሆን፣ ሽግግሩ የተጀመረው በ2013 ነው። እንደ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ያሉ ከፍተኛ የሪፈራል ተቋማት ግን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ቆይተዋል።

ክፍፍሉ ጎልቶ የሚታየው ደመወዝ ሲዘገይ ወይም የደረጃ ዕድገት ሲቋረጥ ነው። ሐኪሙ ካውንቲውን ይጠይቃል፤ ካውንቲው ደግሞ ከማዕከላዊው ግምጃ ቤት የሚጠብቀው በጀት መዘግየቱን ይጠቅሳል።

በ2016 መገባደጃ የተጀመረው የሐኪሞች አድማ 100 ቀናት ቆይቷል። ሰባት የማኅበሩ መሪዎች አድማውን እንዲያስቆሙ የተሰጣቸውን የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ባለማክበራቸው ለአጭር ጊዜ ታስረው ነበር። አድማው ካበቃ በኋላ በ2017 የኅብረት ስምምነት ተፈረመ። አፈጻጸሙ ያስነሳው ውዝግብ ግን በ2024 ለ56 ቀናት ለዘለቀ ሌላ አድማ ምክንያት ሆኗል።

ከሁሉም በላይ የመደራደር አቅም የሚያንሳቸው ኢንተርን ሐኪሞች ናቸው። የአንድ ዓመቱን የተግባር ልምምድ ሳያጠናቅቁ ሙሉ የሥራ ፈቃድ አያገኙም፤ ልምምዱን የሚጀምሩት ደግሞ መንግሥት ሲመድባቸው ነው። የ2017ቱ ስምምነት ወደ 206 ሺህ ሺሊንግ የሚጠጋ ወርኃዊ ክፍያ ቢፈቅድላቸውም፣ መንግሥት በጀት የለም በማለት 70 ሺህ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በ2024 መጨረሻ ግን የቀድሞውን ክፍያ ለማክበር ተስማምቷል።

አድማ በተጠራ ቁጥር፣ ለግል ክሊኒክ መክፈል የማይችል ታካሚ ሳይታከም ወደ ቤቱ ይመለሳል።