የዓይን ማዝ ጀርም ሲነበብ

ጉለሌ ውስጥ ፓስተር የሚባል ሰፈር አለ። «ፓስተር ወራጅ አለ!» የሚለው ተሳፋሪ የአንድ ፈረንሳዊ ሊቅ ስም እየጠራ መሆኑን ልብ የሚል አይመስለኝም። ሉዊ ፓስተር አገራችንን አልረገጠም፤ ስሙ ለሰፈሩ የተረፈው በንጉሡ ዘመን እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ዛሬ በቦታው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። የሊቁ ትምህርት ባጭሩ፣ ተላላፊ በሽታን ለማሸነፍ አስቀድመህ ጀርሙን ዕወቅ የሚል ነበር።

እኛ የዓይን ማዝ የምንለውን የትራኮማን ጀርም ማወቅ ግን ዘመን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1907 ሁለት ተመራማሪዎች ጃቫ ደሴት ላይ በማይክሮስኮፕ ምልክቱን አዩ። በ1950ዎቹ ቻይናዊው ታንግ ፌይፋን በዕንቁላል አስኳል አሳደገው፤ ለማረጋገጥም በገዛ ዓይኑ ጨምሮት ታመመ። በ1998 የክላሚዲያ ትራኮማቲስ ጂኖም፣ ማለትም የዘረ መሉ ሙሉ ጽሑፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነበበ፤ ዓይን የሚያጠፋው ዝርያ ደግሞ በ2005። በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሆሄያት የሚረዝም ጽሑፍ ነው።

ታዲያ ንባቡ ለእኛ ምን ፈየደልን? በአማራ ክልል አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለዓመታት በዘመቻ ታድሏል። በሽታው ግን በብዙ ወረዳዎች አልለቅ አለ። «ጀርሙ መድኃኒቱን ለመደው ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ መነሣቱ አይቀርም። በ2022 የታተመ ጥናት መልሱን ሰጠ። ከ2011 እስከ 2015 ከክልሉ ልጆች ዓይን ከተወሰዱ ናሙናዎች የ99ኙ ጂኖም ሲነበብ፣ መድኃኒቱን የመቋቋም ምልክት አልተገኘም። ጀርሙ ያው የድሮው ጀርም ነው!

ጀርሙ ካልተለወጠ ጥያቄው ወደ ኑሯችን ይዞራል። በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ የሚሻገረው በጣት፣ በጨርቅና በዝንብ ነው፤ ዝንቧ ደግሞ ሜዳ ላይ በቀረ ዓይነ ምድር ትራባለች። ልጅቷ ደጋግማ ስትያዝ የዓይኗ ቆብ ይጠባሰሳል፤ ካደገች በኋላ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይኗን ይፍቃል። ብዙ እናቶች ወረንጦ ይዘው የሚነቅሉት ይኸንኑ ነው።

«እንግዲያው ውሃ ማስገባት ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሱም ብቻውን ፈጥኖ አይደርስም። በዋግ ኽምራ ለ3 ዓመታት የውሃና የንጽሕና ሥራ ተሞክሮ ኢንፌክሽኑን አልቀነሰም፤ ይህም የታተመው በዚያው በ2022 ነው። ውሃ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በዘመቻ ኪኒን ወይም በ3 ዓመት ፕሮጀክት የትውልድ ድህነት አይታጠብም ማለት ነው። በጀርሙ እንዳናመካኝ ጽሑፉ ተነቧል። የቀረን አሰልቺው ሥራ ነው፤ ካሜራ በሌለበት፣ ዓመት ከዓመት የሚሠራው።