የፊሊፒን የባላገር ጭፈራ ከመንደር ወደ መድረክ

ስለ ፊሊፒን ደሴቶች የባላገር ጭፈራ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጭፈራው ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ እንደ ቆየ አድርገው ያወሩታል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚመረምር ግን፥ ዛሬ በመድረክ የሚታየው ጭፈራ የአሁኑን መልኩን የያዘው በሃያኛው መቶ ዓመት፥ ያውም በመጽሐፍና በመድረክ አማካይነት መሆኑ ይገለጥለታል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ሥራ ዋና ባለቤት ፍራንሲስካ ሬየስ አኪኖ ነበሩ። እኒህ ሴት በ1926 ዓ.ም. ለፊሊፒን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የማስተርስ ዲግሪ ጽሑፍ ስለ አገራቸው ጭፈራና ጨዋታ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆርሄ ቦኮቦ ዘፈንና ጭፈራ የሚሰበስብ ጉባኤ ባቋቋሙ ጊዜም ከባልደረቦቻቸው ጋር በየገጠሩ እየተዘዋወሩ እርምጃውን፥ ዜማውንና ልብሱን መዝግበዋል። የተመዘገበውም ለትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ሆነ። ነገር ግን ሽማግሌዎች እንደየስሜታቸው ያሳጥሩትና ያረዝሙት የነበረው እርምጃ፥ በጽሑፍ ከሰፈረ በኋላ በቁጥር ተወሰነ።

ከሁሉ የታወቀው የሌይቴ ደሴት ቲኒክሊንግ ነው። ጨፋሪዎቹ በሚጋጩ ሁለት የቀርከሃ ዘንጎች መካከል እየዘለሉ፥ ቲክሊንግ የተባለው እግረ ረጅም ወፍ ከገበሬ ወጥመድ ሲያመልጥ ያሳያሉ። እስፓኞሎች ሰነፍ ሠራተኛ ይቀጡበት ከነበረው ቅጣት የመነጨ ነው የሚለው ወሬ ግን በዘመኑ መዛግብት የተደገፈ አይደለም። እንደሚመስለኝ ወሬው የሚነግረን ስለ ጭፈራው አመጣጥ ሳይሆን፥ ከ1565 እስከ 1898 ዓ.ም. ስለ ቆየው የባዕድ አገዛዝ በሕዝቡ ልብ ስለ ቀረው ቂም ነው።

ክርክሩ የሚጠነክረው በሲንግኪል ላይ ነው። ይህ ጭፈራ በሚንዳናዎ ደሴት፥ በላናዎ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት የማራናዎ እስላሞች ነው፤ ስሙም ከእግር አልቦ የመጣ ነው። ልዕልት ጋንዲንጋን መንፈሶች ባስነሡት የምድር መናወጥ መካከል በእርጋታ እየተራመደች ማለፏን ያሳያል ይባላል። በአገሩ የሚጨፍሩት የመኳንንት ሴቶች ልጆች ሲሆኑ፥ በተርታ የተደረደሩ የነሐስ ደወሎች እየተመቱ ማራገቢያ ይዘው በዝግታ ይራመዳሉ፤ ለጋብቻ የሚያስቧቸውም ጭዋነታቸውን ይመለከታሉ።

በ1957 ዓ.ም. በማኒላ የተቋቋመው ባያኒሃን የተባለው ቡድን በ1958 ዓ.ም. በብሩክሴል ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ታላቅ ምስጋና አገኘ። ሲንግኪልንም ለመድረክ አዘጋጅቶ፥ ፍጥነቱን ጨምሮ፥ በዓለም አስተዋወቀው። ይሁን እንጂ የማራናዎ ተወላጅ የሆኑት ሊቅ ኡሶፓይ ካዳር በ1970 ዓ.ም. የቡድኑ ጭፈራዎች ምን ያህል ከምንጫቸው ጋር እንደሚስማሙ በመጠየቅ ነቀፌታ ጽፈዋል። ነቀፌታው ተገቢ ነው፤ በማኒላ የተዘጋጀውን ትርኢት ያየ እንግዳ የማራናዎን ሰው ያወቀ ይመስለዋልና። ቡድኑ ግን በ1998 ዓ.ም. በሕግ የአገሪቱ ብሔራዊ የባላገር ጭፈራ ቡድን ተብሎ ተሠየመ።

ታሪኩ ይገኝበታል የሚባለው የዳራንገን ግጥም 17 ክፍልና 72,000 መስመር ሲኖረው፥ በሠርግ ጊዜ ለብዙ ሌሊት ይዜማል። ዩኔስኮ በ2005 ዓ.ም. ከሰው ልጅ ቅርሶች መካከል ቆጥሮታል። ቃሉ ጥንታዊ ስለ ሆነ፥ ለመማር የሚነሡት ወጣቶች እየተመናመኑ ሄደዋል።