የመንገድ ሥራ ጨረታና የፉክክሩ ልክ፤ ከተምጫ ድልድይ እስከ ዐባይ በረሓ

ስለ ጎጃም መንገዶች የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው መሐንዲሱንና ድንጋዩን ነው፤ ሥራው በምን ዋጋ ተሰጠ፣ ስንትስ ተጫራች ቀረበበት ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ የሚናቅ አይደለም፤ ተጫራቾች በስውር ተማክረው በዋጋው ላይ የጨመሩትን ገንዘብ የሚከፍለው፣ ጤፉን አስጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ የሚወጣው ግብር ከፋይ ነውና።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1877 ዓ.ም. ገደማ በተምጫ ወንዝ ላይ ድልድይ ያሠሩት ሳሊምቤኒ በሚባል ኢጣሊያዊ ኮንት ነበር። በዚያ ዘመን ንጉሥ ባለሙያ መርጦ ያዝዛል እንጂ ዋጋ አያወዳድርም። በጠላት ወረራ ዘመንም መንገድ የጦር ጕዳይ ስለ ነበረ የአገሩ ሰው በዋጋው ላይ ቃል አልነበረውም። ነገሩ የተለወጠው በ1943 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የዓለም ባንክ ለአውራ ጎዳናዎች 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ብድር እየበዛ ሲሄድ ጨረታም አብሮት እየተለመደ መጣ።

እንግዲህ ፉክክር በምን ይለካል? ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚቈጥረው ፖስታውን ነው። ሰባት ፖስታ ከሦስት ይሻላል፤ ነገር ግን ሰባቱንም አንድ እጅ ጽፎአቸው እንደ ሆነ ቍጥሩ ከንቱ ነው። ስለዚህ ዋጋዎቹ እርስ በርሳቸው ያላቸውን ርቀት መመልከት ያሻል። ለምሳሌ ያህል መሐንዲሱ 100 ሚሊዮን ብር የገመተው ሥራ ቢኖርና አንዱ 82፣ ሌላው 90፣ ሦስተኛው 97፣ አራተኛው 104 ሚሊዮን ቢያቀርቡ፣ እያንዳንዱ የራሱን መኪናና የድንጋይ ካባውን ርቀት አስልቶ እንደ መጣ መገመት ይቻላል። አሸናፊው 99 ብሎ ሌሎቹ ሁሉ 107፣ 107 ተኩልና 108 ያሉ እንደ ሆነ ግን፣ ተሸናፊዎቹ ለማሸነፍ ሳይሆን ለማጀብ መጥተው እንዳይሆን ያጠራጥራል። ጥርጣሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሊቃውንት ደግሞ የየተቋራጩን ድርሻ በራሱ አባዝተው ይደምራሉ። አራት ተቋራጮች ከመቶ 25፣ 25 ቢይዙ ድምሩ 2,500 ይሆናል፤ አንዱ 70 ወስዶ ሦስቱ ዐሥር ዐሥር ቢካፈሉ 5,200 ይደርሳል፤ ድምሩ በጨመረ ቍጥር ገበያው በጥቂት እጅ መግባቱን ያሳያል። ይህም መለኪያ ይታለላል። ተቋራጮቹ እንደ ዕቁብተኛ ተራ ገብተው ሥራውን ቢፈራረቁበት፣ ድርሻቸው እኩል ሆኖ ስለሚታይ መለኪያው ደኅና ነው ይላል፤ የጠፋው ግን ፉክክሩ ራሱ ነው!

የጎጃም ደጋ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከደጀን ወደ ዐባይ የሚወርደው መንገድ ከሺህ ሜትር በላይ ቍልቍል ይወርዳል፤ መሬቱ ይንሸራተታል፤ ደጋው ላይ ጥቍሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ለዚህ የሚበቃ መሣሪያ ያለው ተቋራጭ ጥቂት ቢሆን የተጫራች ማነስን ሁሉ በሤራ መተርጐም ፍርደ ገምድልነት ነው። ጳጕሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም. የተመረቀውን 303 ሜትር የሚረዝመውን የዐባይ ድልድይ የሠራው ካጂማ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ገንዘቡ የጃፓን መንግሥት ስጦታ ስለ ነበረ፣ በስጦታው ደንብ ዋናው ተቋራጭ ጃፓናዊ መሆን ነበረበት፤ የፉክክሩን አጥር ያጠረው ሰጪው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለሁሉ ክፍት ከሆነ ጨረታ ጋራ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድር አዋጅ ቍጥር 813 ተጫራቾች በዋጋ መመሳጠራቸውን ከልክሎአል። ሕጉን በሥራ ላይ ለማዋል ግን መርማሪው የአንድ ቀን ጨረታ አይበቃውም፤ የብዙ ዓመት መዝገብ ያስፈልገዋል። በየመሥሪያ ቤቱ በጥንቃቄ የሚጠበቀው ያሸነፈው ውል ነው፤ ምሥጢሩ ያለው ግን በተሸነፉት ዋጋዎች ውስጥ ነው፤ ማን ከማን ጋራ እንደ ቀረበ፣ በስንት እንደ ተበለጠ፣ በሚቀጥለውስ ጨረታ ተራው የማን እንደ ሆነ የሚታየው ከእነዚያ ወረቀቶች ነው።