ስለ ንዋየ ሐቅል ረቂቃን ቺፖችና ስለ ምንጫቸው ታማኝነት

በጥንቱ ዘመን አንድ መንግሥት የጦር መሣሪያውን ታማኝነት ለማወቅ የፈለገ እንደ ሆነ፣ ጠመንጃውን በዐይኑ አይቶ፣ በእጁ መዝኖ፣ ተኩሶም ፈትኖ ጉድለቱን ለመለየት ይችል ነበር፤ ከሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ወዲህ ግን የንዋየ ሐቅል ኀይል በሲሊኮን ላይ ወደ ተቀረጸ፣ ዐይን ወደማያየው ረቂቅ መስመር ስለ ገባ፣ የሚሳይሉም ሆነ የአውሮፕላኑ ጌታ የገዛ መሣሪያውን ውስጠ ምሥጢር መርምሮ ለመጨረስ የማይችልበት ዘመን መጣ። ይህ ጭንቀት በሸንጎና በሕግ በይፋ የተነገረው በአሜሪካ ስለ ሆነ፣ እኛም ታሪኩን በዚያው አገር እንከተለዋለን፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጃክ ኪልቢ የተባለው መሐንዲስ በ1958 ዳላስ በሚገኘው በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ፣ ሮበርት ኖይስም በተከታዩ ዓመት በካሊፎርኒያ በፌርቻይልድ ኩባንያ፣ ብዙ የኤሌክትሮኒክ አካላትን በአንዲት ቅንጣት ላይ የማዋሐድን ጥበብ በየፊናቸው ከገለጹ በኋላ፣ አዲሱን ግኝት በዚያ ውድ ዋጋው ሊገዛ የደፈረ ነጋዴ አልነበረም። በ1962 የአንዱ ቺፕ አማካይ ዋጋ 50 ዶላር ያህል ነበርና፣ የአገሪቱን ምርት ከሞላ ጐደል በሙሉ የወሰደው መንግሥት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ቺፑ ሚኒትማን ሁለት ለተባለው አህጉር አቋራጭ ሚሳይልና ወደ ጨረቃ ለምትሄደው ለአፖሎ መንኰራኵር የስሌት መሣሪያ ዋለ። ገዢው ብቸኛ በነበረበት በዚያ ወራት፣ የጥራቱን ደንብ የሚደነግገውም፣ የአሠራሩን መዝገብ የሚመረምረውም፣ ሕፀፅ የተገኘበትን የሚመልሰውም ያው ገዢ ስለ ነበር፣ የምንጭ ታማኝነት እንደ ጥያቄ አልተነሣም ማለት ይቻላል። እኔ እንደማምነው፣ በኋላ የመጣው ችግር ሁሉ ሥሩ ይህ ሥልጣን ቀስ በቀስ ከገዢው እጅ መውጣቱ ነው።

በ1968 አማካይ ዋጋው ወደ 2 ዶላር ከ33 ሳንቲም ሲወርድ፣ የጦሩ ድርሻ ከመቶ 37 ብቻ ሆነ። ፌርቻይልድ የመገጣጠሙን ሥራ ገና በ1963 ወደ ሆንግ ኮንግ ልኮት ነበር፤ በ1987ም በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ሞሪስ ቻንግ፣ ሌሎች የነደፉትን ቺፕ እየሠራ የሚያስረክበውን ታላቅ ኩባንያ በታይዋን አቋቋመ። በ1994 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዊልያም ፔሪ፣ ጦሩ የራሱን ልዩ መለኪያ ትቶ በተቻለ መጠን በገበያው መለኪያ እንዲገዛ አዘዙ። ለጦሩ ብቻ የሚሠራው ዕቃ ውድና ዘመን ያለፈበት እየሆነ ሄዶ ስለ ነበር፣ ትእዛዙ ከንቱ አልነበረም፤ ነገር ግን ገዢው ፋብሪካውን የሚያውቅበትን የመጨረሻውን በር ዘጋ።

አሜሪካውያን ከማያውቁት ፋብሪካ ስለሚመጣ ቺፕ ሥጋት የያዛቸው በከንቱ ምናብ አይደለም። በ1981 ቭላዲሚር ቬትሮቭ የተባለ የሶቪየት የስለላ ድርጅት መኰንን፣ አገሩ የምዕራባውያንን ጥበብ በስውር የምትሰበስብበትን ሥርዓት የሚያስረዱ በሺህ የሚቈጠሩ ሰነዶችን ለፈረንሳዮች አሳልፎ ሰጠ፤ ፕሬዚዳንት ሚተራንም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ኦታዋ ላይ ምሥጢሩን ለፕሬዚዳንት ሬጋን ገለጡላቸው። በብሔራዊ የደኅንነት ምክር ቤት ያገለግሉ የነበሩት ገስ ዋይስ በኋላ እንደ ጻፉት፣ አሜሪካውያን ስርቆቱን በመከልከል ፈንታ ሆን ተብሎ ሕፀፅ የተጨመረባቸውን ቺፖች በሌባው መንገድ ላይ አኖሩለት፤ እነዚያም ወደ ሶቪየት የጦር መሣሪያዎች ገቡ። ቺፕ የጦር ወጥመድ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ፣ ይህን በሌላው ላይ ያደረገ መንግሥት ነው፤ ለራሱም ቢፈራ አያስደንቅም።

ከዚህ ሥጋት የተነሣ ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ፖል ዎልፎዊትዝ በ2003 የታማኝ ቺፕ ስልት እንዲነደፍ መመሪያ ሰጡ፤ በተከታዩም ዓመት መንግሥት ከአይቢኤም ጋር ውል ተዋውሎ፣ በቨርሞንትና በኒው ዮርክ በሚገኙት ፋብሪካዎች ምሥጢራዊ ቺፖቹን ማሠራት ጀመረ።

ይሁን እንጂ አዲሱ ሲጠበቅ አሮጌው ተረሳ። አንድ የጦር አውሮፕላን ሠላሳና አርባ ዓመት ሲያገለግል፣ የሚሸከመው ቺፕ ግን በጥቂት ዓመታት ከገበያ ይጠፋል፤ ስለዚህ የጥገና ክፍሉ ምትኩን ከደላላ እጅ ይፈልጋል፤ ደላላውም ከሌላ ደላላ ይገዛል። የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኀይሎች ኮሚቴ በ2012 ባወጣው ዘገባ፣ 1,800 ያህል የሐሰተኛ ዕቃ ጉዳዮችንና ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ አጠራጣሪ አካላትን ቈጠረ፤ ከተከታተላቸውም መካከል የሚበዙት ከቻይና የመጡ ነበሩ። በጓንግዶንግ አውራጃ በሻንቱ ከተማ፣ ከተጣለ የኤሌክትሮኒክ ቍራጭ ላይ ቺፖቹ እየተነቀሉ፣ በወንዝ ውሃ እየታጠቡ፣ የላይኛው ጽሑፋቸው ተፍቆ አዲስ ስምና ዘመን እየታተመባቸው ይሸጡ ነበር። በባሕር ኀይል የቅኝት አውሮፕላን የበረዶ መጠቆሚያና በሄሊኮፕተር የሌሊት መመልከቻ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ገብቶ ተገኘ። እዚህ ላይ የጠላት ተንኰል አልነበረም፤ የንግድ ስግብግብነት ብቻ ለዚህ ሁሉ በቃ። በ2011 መጨረሻ የጸደቀው ሕግ፣ ሐሰተኛውን ዕቃ አውጥቶ የመተካቱን ወጪ በሥራ ተቋራጩ ላይ ጫነ፤ የሻጩን ኪስ የነካ ስለ ሆነ፣ በእኔ ግምት ከወጡት ሕጎች ሁሉ ጥበብ የተሞላበት ይህ ነው።

በ2014 ደግሞ ሌላው ምሰሶ ተናጋ። አይቢኤም የቺፕ ፋብሪካዎቹ ኪሳራ ስለ ሆኑበት፣ እንዲረከባቸው ግሎባልፋውንድሪስ ለተባለው ቺፕ ሠሪ ኩባንያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ርክክቡም በ2015 ተፈጸመ። የአዲሱ ጌታ ባለቤት የአቡ ዳቢ መንግሥት ኩባንያ ስለ ነበር፣ መከላከያው አሥር ዓመት የተደገፈበትን ቤት በባዕድ ገንዘብ ሥር ሆኖ አገኘው። በዚህ ማንንም በክፋት መክሰስ አይገባም፤ ከትርፉ እጅግ ጥቂቱን የሚያስገኝለትን ደንበኛ ብሎ ፋብሪካውን በኪሳራ የሚያቆይ ነጋዴ የለምና።

ከዚያ ወዲህ በ2022 የአሜሪካ ምክር ቤት የቺፕ ሥራ ወደ አገር እንዲመለስ 52.7 ቢሊዮን ዶላር የሚመድብ ሕግ አወጣ፤ ከዚሁም እስከ 3 ቢሊዮን የሚደርሰው በመስከረም 2024 ለጦሩ ቺፕ የተከለለ ምርት እንዲያዘጋጅ ለኢንቴል ተፈቀደ። ገንዘቡ ከቀድሞው እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን የ2004ቱ ውል የወደቀበት ምክንያት፣ የጦሩ ምሥጢር በአንድ የንግድ ቤት ዕድል ላይ መታሰሩ፣ በዚህኛውም እንዳለ ስላለ ሥጋቱ ተወግዷል ለማለት አልደፍርም።