ብረት ከቺፕ ሲገጥም፦ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ አገጣጠም ታሪክ

የኮምፒውተር ፕሮሰሰር የሚፈጥረው ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚሻገረው ሁለቱ በሚነካኩበት ጠባብ ገጽ በኩል ነው። ማቀዝቀዣው የቱንም ያህል ግዙፍ፣ ማራገቢያውም የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ይህ ገጽ በትክክል ካልገጠመ ሙቀቱ እዚያው ቺፑ ላይ ይከማቻል። ለዓይን ልሙጥ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች ሲደራረቡ በእርግጥ የሚነካኩት በጥቃቅን ጉብታዎቻቸው ጫፍ ብቻ ነው፤ የተረፈውን ክፍተት አየር ይሞላዋል። የአየር ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ደግሞ የመዳብን አንድ አሥር ሺኛ እንኳ አይሞላም። ቴርማል ፔስት የሚቀባው ይህን አየር ለማስወጣት ነው። ሆኖም ፔስቱ ራሱ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ደካማ አስተላላፊ በመሆኑ ወፍራም ሆኖ ሲቀር ሙቀቱን ይይዛል። ስስ የሚያደርገው ከሁሉም ጎን እኩል የሆነ ግፊት ነው። የማቀዝቀዣ አገጣጠም ታሪክ በአብዛኛው ይህን እኩል ግፊት ፍለጋ የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

ከቀደምቶቹ መልሶች እጅግ የረቀቀው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ ባደረገው 3081 በተባለው ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ይገኛል። በአንድ ሞጁል ውስጥ ከ100 በላይ ቺፖች ተደርድረው ነበር። ቺፖቹ ሁሉ በአንድ ከፍታ ሊቀመጡ አይችሉም፤ አንዱ በጥቂቱ ያዘነብላል፣ ሌላው ዝቅ ይላል። አንድ ጠፍጣፋ ብረት ከላይ ቢጫናቸው ከፍ ያለውን ብቻ ይነካ ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ለእያንዳንዱ ቺፕ የራሱን የአሉሚኒየም ፒስተን ሰጡት፤ ፒስተኑን ከኋላ ሞላ ይገፋዋል። ያዘነበለውን ቺፕም በአግባቡ እንዲነካ የፒስተኑ ጫፍ ለስለስ ብሎ ክብ ተደረገ። የቀረውን ክፍተት ከአየር በብዙ እጥፍ የተሻለ አስተላላፊ በሆነው በሂሊየም ጋዝ ሞሉት፤ ከላይ ደግሞ ውኃ የሚዘዋወርበት ሰሌዳ ሙቀቱን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በግል ኮምፒውተሮች ላይ ከታዩት ችግሮች ብዙዎቹ በዚህ ንድፍ ውስጥ አስቀድሞ ታስቦባቸው ነበር ማለት ይቻላል።

የግል ኮምፒውተሩ ግን ለረጅም ጊዜ ይህ ሁሉ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር ያለ አንዳች ማቀዝቀዣ ይሠራ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በ486 ቺፖች ላይ ሂት ሲንክ የሚባሉ ትንንሽ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣዎች መታየት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ፔንቲየም ሲመጣ ማራገቢያም የተለመደ ሆነ።

ፈተናው የከበደው እ.ኤ.አ. በ2000 ኤኤምዲ አትሎን ፕሮሰሰሮቹን ሶኬት ኤ በተባለው መቀመጫ ላይ ሲያወጣ ነው። በእነዚህ ላይ የሲሊኮኑ ቺፕ ያለ ክዳን ገላጣ ሆኖ መሃል ላይ ጉብ ብሎ ይታይ ነበር፤ በአራቱ ማዕዘን ሚዛን የሚጠብቁ ለስላሳ የስፖንጅ እግሮች ብቻ ተለጥፈዋል። ሂት ሲንኩ የሚያዘው በጠንካራ የብረት ክሊፕ ሲሆን፣ ክሊፑን ከሶኬቱ ጥርስ ጋር ለማያያዝ ብዙውን ጊዜ በካቻቢቴ ወደታች መግፋት ያስፈልግ ነበር። ካቻቢቴው ሲያመልጥ የማዘርቦርዱን መስመሮች ይቆርጣል፤ ሂት ሲንኩ አዘንብሎ ሲወርድ ደግሞ የቺፑን ጠርዝ ይሸርፋል። ሌላም ስውር ስህተት ነበር። በሶኬቱ አንድ ጫፍ ከፍ ያለ የፕላስቲክ ክፍል ስላለ፣ የሂት ሲንኩ ሥር ለዚያ ክፍል የሚሆን ዝቅታ ተቆርጦለታል። አቅጣጫው ተገልብጦ ከተገጠመ ብረቱ በፕላስቲኩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቺፑን በጠርዙ ብቻ ይነካል። ከላይ ለሚያይ ሰው ግን ሁሉም ነገር በቦታው ይመስላል።

የዚህ ስህተት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ-ገጽ ያሳየው ቪዲዮ ግልጽ አደረገ። ኮምፒውተሮቹ እየሠሩ ሳለ ማቀዝቀዣቸው ሲነሳ የኢንቴሉ ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ሥራውን ቀጠለ፤ አትሎኖቹ ግን ወዲያው ጨሱ። የፔንቲየም 4 ቺፕ ሙቀቱን ራሱ የሚለካና ራሱን የሚያዘገይ ሥርዓት ነበረው። በላዩ ያለው የብረት ክዳንም ቺፑን ከመሸረፍ ይጠብቀዋል። በ2003 ኤኤምዲም በአትሎን 64 ላይ ክዳን አደረገ።

ራስን የማዘግየት ሥርዓት ቺፑን ቢያድንም ስህተቱን ደበቀው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ባስተዋወቀው ኤልጂኤ 775 በተባለው የፕሮሰሰር መቀመጫ ላይ ማቀዝቀዣው የሚያያዘው በማዘርቦርዱ አራት ቀዳዳዎች በሚገቡ የፕላስቲክ እግሮች ነበር። እግሮቹ በሰያፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ድምፅ እስኪያሰሙ መጫን አለባቸው። ከአራቱ አንዱ በከፊል ብቻ ከገባ በዚያ ማዕዘን በኩል ግፊቱ ይላላል፣ ፔስቱም ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ይሠራል፤ ከባድ ሥራ ሲገጥመው ግን ይሞቃል፣ ይንቀራፈፋል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ሙቀታቸው እስከ 115 ዋት በሚደርሱት የዚያ ዘመን ፔንቲየም 4ዎች ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ባለቤቱ ጥፋቱን በፕሮሰሰሩ ወይም በፕሮግራሙ ላይ መፈለጉም የሚጠበቅ ነው። ከማዘርቦርዱ ጀርባ በሚደረግ የብረት ሰሌዳ ላይ በብሎን የሚታሰሩ ማቀዝቀዣዎች ተፈላጊ የሆኑት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ትኩረቱ ወደ ክዳኑ ሥር ዞረ። ኢንቴል በአይቪ ብሪጅ ፕሮሰሰሮች ላይ ቺፑን ከክዳኑ ጋር ያገናኝ የነበረውን ብየዳ ትቶ ፔስት ተጠቀመ። ክዳኑን የፈለቀቁ ሰዎች እንዳዩት፣ ዋናው ችግር ክዳኑን የያዘው ማጣበቂያ ከፍ አድርጎት በሥሩ ያለው ፔስት መወፈሩ ነበር። ማጣበቂያው ተጠርጎ ክዳኑ ወደ ቺፑ ሲቀርብ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ይቀንስ ነበር። በ2018 የወጣው ኮር አይ9-9900ኬ ወደ ብየዳ ተመለሰ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኤልጂኤ 1700 የተባለው የኢንቴል መቀመጫ ሌላ ችግር አመጣ። ፕሮሰሰሮቹ ረዘሙ፤ የሶኬቱ መያዣ ግን የሚጫናቸው ወገባቸው ላይ ነበር። ክዳኑ በመሃል ጎድጎድ ብሎ ዝቅ ስለሚል ጠፍጣፋ ማቀዝቀዣ ዳርና ዳሩን ይነካል፤ ሙቀቱ የሚወጣበት መሃሉ ላይ ግን ግፊቱ ይሳሳል። ተጠቃሚዎች በመያዣው ሥር ስስ ሮንዴላ በማድረግ ጫናውን ቀነሱ፤ ቀጥሎም ክዳኑን ከዙሪያው እኩል የሚይዙ ፍሬሞች ለገበያ ቀረቡ። ያስገኙት ለውጥ ጥቂት ዲግሪ ቢሆንም ማቀዝቀዣ ሳይቀየር የተገኘ ነው። የኦስትሪያው ኖክቱዋ በ2024 ኤንኤች-ዲ15 ጂ2 የተባለውን ማቀዝቀዣ ሲያወጣ፣ አንዱን ሞዴል የሥሩ ጉብታ በሚለያይ ሦስት ዓይነት አቀረበው፦ አንዱ ለአብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች፣ አንዱ መሃላቸው ለጎደጎደ፣ አንዱ ደግሞ ክዳናቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ለሚቀመጥ።