የአሙር ማዶዋ ካሊፎርኒያ

ካሊፎርኒያን ሁላችንም እናውቃታለን። ዲቪ የሚሞላ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ በህልሙ ደርሶ የተመለሰባት አገር ናት። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላዋ ነው። ሩሲያውያን «የአሙር ካሊፎርኒያ» ይሏት ነበር፤ የራሷ ስም ዠልቱጋ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳንደናገር።)

የአሙር ወንዝ በ1858 በአይጉን ውል ድንበር ሆነ። ግራው ለሩሲያ፣ ቀኙ ለቻይና። ድንበር ሆነ ማለት ግን ጠባቂ ነበረው ማለት አይደለም። በቻይና በኩል ያለው ደን የኦሮቼን አዳኞች የሚዘዋወሩበት፣ የንጉሡ ሹም ዝር የማይልበት አገር ነበር። በ1883 እዚያ ውስጥ፣ ዠልቱጋ በምትባል ትንሽ ወንዝ ዳር ወርቅ ተገኘ። እንደሚተረከው ከሆነ ያገኘው አንድ ኦሮቼን ነው፤ እናቱን ሊቀብር መሬት ሲቆፍር። ወሬው ወንዙን ተሻግሮ ኢግናሺኖ ከምትባለው የኮሳኮች መንደር ደረሰ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው?

ከሳይቤሪያ ግዞት ያመለጠው፣ ከጦሩ የከዳው፣ ከቻይና መንደሮች ረሀብ ያባረረው፣ ኮሪያዊው፣ አልፎ አልፎም አውሮፓዊው ጓዙን እየጠቀለለ መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሆኑ። ፈቃድ የሰጣቸው መንግሥት የለም።

ሥራው እኛ አገር በአሶሳ ወይም በሻኪሶ እንደምናውቀው ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ አሸዋ በገበቴ ማጠብ ብቻ አልነበረም (እሱም ቀላል ነው ማለቴ አይደለም)። የዚያ አገር መሬት ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። እሳት ያነዱበታል፣ የቀለጠውን ይቆፍራሉ፣ እንደገና ያነዳሉ። እንዲህ እያሉ ወርቅ ያለበት ንብርብር ላይ ይደርሳሉ። ይህን አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ «አርቴል» በሚባል ማኅበር ተደራጅተው ይሠሩና ያገኙትን ይካፈሉ ነበር። የኛን ደቦ አስቡት፣ ትርፍ ክፍፍል ሲጨመርበት።

ገንዘቡ ራሱ ወርቅ ነበር፤ የሚመዘነውም «ዞሎትኒክ» በሚባል፣ ከ4 ግራም ትንሽ በለጥ በሚል መለኪያ ነው። ዳቦውም ቮድካውም በሚዛን ተከፈለ። ከእንጨት በተሠሩ ቤቶች መሀል የሚያልፈውን ዋና መንገዳቸውን «ሚሊዮናያ» አሉት፤ በዋና ከተማቸው በሴንት ፒተርስበርግ የመኳንንቱ ጎዳና ስም ነው። ቀልደኞች ነበሩ መሰለኝ። ሆቴሉ፣ ቁማር ቤቱ፣ ባኞ ቤቱ ሁሉ ተከፈተ።

ወርቅ፣ መጠጥና ቁማር ካለ ቢላዋም አለ። ዝርፊያውና ግድያው ሲበዛ፣ በ1885 መግቢያ ገደማ ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ መሪ መረጠ፤ ካርል ፋሴ የሚባል ሰው። ሰፈሩን ለአምስት ከፈሉት፣ አንዱ የቻይናውያን ሆነ። ለየሰፈሩ ሽማግሌ ተመረጠለት፣ ሕግ ወጣ። የገደለ ይገደላል፣ የሰረቀ ይገረፋል። ከነጋዴው ላይ ግብር ተሰብስቦ ሐኪም ቤት ሳይቀር ተቋቋመ። የሩሲያ ጋዜጦች ይህን ሲሰሙ «ሪፐብሊክ» አሏት።

እኔ ቃሉ ላይ ትንሽ እሰስታለሁ። በጅራፍ የቆመ ሪፐብሊክ ነው። ግን ደግሞ ግዞተኛው የገዛ ዳኛውን የሚመርጥበት ቦታ በዛሩ ግዛትም ሆነ በቻይናው ንጉሥ ምድር አልነበረም። ለዚህ ይመስለኛል ሁለቱም መንግሥታት የጠሏት። ወርቁንም ፈልገውት ነበር፣ እሱ እንዳለ ሆኖ።

ቻይና አቤቱታዋን አሰማች፤ ሩሲያም ካንገራገረች በኋላ በወንዙ ላይ ስንቅ እንዳያልፍ ዘጋች። በ1885 አንዴ ተበተኑ፣ ተመልሰው መጡ። በ1886 መጀመሪያ፣ አሙር በረዶ ሆኖ በእግር በሚታለፍበት ወቅት፣ የቻይና ጦር ደርሶ ሰፈሩን አቃጠለ። (በዚያው ዓመት ነው እኛ ጋ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው።)

ያኔ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ አብሮ ያነደደ፣ አብሮ የቆፈረ ሰው ለሁለት የተከፈለው። ሩሲያውያኑ በረዶውን ተሻግረው አገራቸው እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ቻይናውያኑ የንጉሡ ዜጎች ናቸውና እንደ ከዳተኛ ተቆጠሩ፤ ብዙዎቹ አንገታቸው ተቀላ። በሜዳው ላይ የወጣው ሕግ ስለ ዜግነት የሚለው ምንም ይሁን ምን፣ በመጨረሻ ማን እንደሚተርፍ የወሰነው የወንዙ የየትኛው ዳር ልጅ እንደሆነ ነው። ከመሞቱ በፊት ከማዶ ሰዎች ጋር ትርፍ የተካፈለው ቻይናዊ ማኅበርተኞቹ ሲሻገሩ እያየ ይሆን? ይኼ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሏል።

ወርቁ ግን አልተቀበረም። ሊ ጂንዮንግ የተባለ ባለሥልጣን ተሹሞ በ1889 እዚያው ቦታ የመንግሥት የወርቅ ማዕድን ሥራ ጀመረ። አሁን ሞሄ የምትባለው አውራጃ፣ የቻይና ሰሜናዊ ጫፍ፣ ውስጥ ነው። ሸለቆውን «የጉንጭ ቀለም ሸለቆ» ይሉታል። አንዳንዱ ወርቁ የእቴጌ ሲሺን መኳኳያ ስለገዛ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ለቆፋሪዎቹ የመጡት ሴተኛ አዳሪዎች ፊታቸውን ሲታጠቡ ወንዙ ይቀላ ስለነበር ነው ይላል። ለሊ ጂንዮንግ መታሰቢያ ቤተ መቅደስ ተሠርቶለታል። የሴቶቹም መቃብር እዚያው ሸለቆ ውስጥ ለጎብኚ ይታያል፤ መጠሪያው «የሴተኛ አዳሪዎች መቃብር» ነው።